በሊኑክስ ማኅደር ውስጥ ያለው አማርኛ

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሶፍትዌር ከየኩባንያው ድረ ገጽ እየተለቀመ አይመጣም። እንደ ዴቢያን ያለ ሥርጭት ፕሮግራሙን፣ ፎንቱንና መዝገበ ቃላቱን በየፓኬጁ አድርጎ በአንድ ማኅደር ያኖራል፤ እያንዳንዱ ፓኬጅ ምን እንደያዘ፣ ማን እንደሚከታተለውና በምን ዓይነት ፈቃድ እንደተለቀቀ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ዴቢያን በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ከ69 ሺህ በላይ ፓኬጆች አሉት። ለአማርኛ ተብለው የተሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነዚህ ጥቂቶች ግን ለቋንቋችን ከየትኛውም ትልቅ ኩባንያ በጎ ፈቃድ ይበልጥ አስተማማኝ መሠረት ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሠሪያቸው ቢተዋቸው እንኳ ሌላው አንስቶ ሊቀጥላቸው ይችላልና።

ከሥር ጀምረን እንያቸው። ኮምፒዩተሩ ቀኑን «ሰኞ» ብሎ እንዲጽፍ፣ ገንዘቡም ብር መሆኑን እንዲያውቅ የሚያደርገው ሎኬል የሚባል የጽሑፍ ፋይል ነው። የአማርኛውን ከፍቶ ያየ ሰው ራስጌው ላይ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንና የሰገሌ ኦሮሞ አሳታሚን ስም፣ 2003 የሚል ዓመትና ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ የሚል አድራሻ ያገኛል። በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር፣ ለምሳሌ ለሜሪላንዱ በልትስቪል ሰው፣ ይህ ቤልትዌይ የተባለውን አውራ ጎዳና ይዞ የሚደረስበት ጎረቤት ነው። የአፋን ኦሮሞው፣ የትግርኛው፣ የሲዳምኛው፣ የወላይትኛውና የግዕዙ ሎኬልም የእነዚሁ እጅ ሥራ ነው። በዓለም ላይ ያለ የሊኑክስ ተጠቃሚ አማርኛን ሲመርጥ እዚሁ አካባቢ የተሠራውን ሥራ እየተጠቀመ ነው ማለት ነው። ለመጻፍ ደግሞ በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው አጻጻፍ አለ፤ በላቲኑ ኪቦርድ ትንሹ «ቲ» ትን፣ ትልቁ «ቲ» ጥን ይሰጣል። ይህን የአጻጻፍ ስልት በፓኬጅ አድርገው ለሊኑክስ ካደረሱት መካከል ጃፓናውያን ይገኙበታል። አቢሲኒካ የተባለው ፎንት፣ የሊብሬ ኦፊስ የአማርኛ ገጽታና ስካን የተደረገ የአማርኛ ገጽ የሚያነበው የቴሰራክት ፋይልም እዚያው ማኅደር ውስጥ አሉ።

የግል ንብረት የሆነ ሶፍትዌር ምን እንደሚያስከትል ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ሠሪው ሥራውን ሲያቆም የጽሕፈቱ ቁልፍ አብሮት ይጠፋል፤ ኮዱ ተዘግቷልና ሌላ ሰው ሊቀጥለው አይችልም።

ሰው ሁሉ ዛሬ የሚጽፈው በስልክ ነው፤ ሊኑክስን ማን ይጠቀማል የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። አንድሮይድ ራሱ የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ጉግል ያሠራው ኖቶ የተባለው የኢትዮጵያ ፊደል ፎንትም በነፃ ፈቃድ ስለተለቀቀ ዴቢያን ውስጥ ገብቷል፤ ኩባንያው ነገ ፊቱን ቢያዞር ፎንቱን ማንም አይነጥቀንም። ትልልቅ ኩባንያዎች አይጠቅሙም አላልኩም። ያበረከቱት ነገር በእጃችን የሚቀረው ግን በዚህ ዓይነት ፈቃድ ሲለቁት ነው።

ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ክፍት መሆን ብቻውን ሥራ አይሠራም። እውነት ነው፤ የአስፔል የአማርኛ ፊደል ማረሚያ ስሪቱ 0.03 ላይ ቆሟል። ሎኬሉም የወሩን ስም «ጃንዩወሪ» ብሎ ይጽፋል እንጂ መስከረምና ጥቅምት ያሉበትን የዘመን አቆጣጠራችንን አያውቅም። ይህ የሚያሳዝን ጉድለት ነው፤ እንደ ቀላል ነገር ሊታይም አይገባም። ሆኖም ጉድለቱ ሊታይ የቻለው ፋይሉ ክፍት ስለሆነ ነው፤ የማረሚያው ቃላት በፈቃዱ መሠረት ማንም ሊጨምርባቸው ይችላል። ለዚህ ደግሞ የግድ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አማርኛን አጥርተው የሚጽፉ መምህራን፣ ጋዜጠኞችና ቀሳውስት ሞልተዋል፤ የቃላት ዝርዝር ማረም የእነርሱ ሙያ ነው። ዴቢያን የስህተት ጥቆማን ከማንም ሰው በኢሜይል ይቀበላል። በዋናው ሎኬል ላይ ተቀባይነት ያገኘች አንዲት እርማትም በየእትማቸው ወደ ዴቢያን እንዲሁም ኡቡንቱና ፌዶራ ወደተባሉት ሌሎች ሥርጭቶች ትወርዳለች።