የጦስኝ ዘይት የፖም ዛፍን እንዴት ይጠብቃል?

ጦስኝ ያን ሽታውን የሚያገኘው በዋናነት ከሁለት ንጥረ ነገሮች ነው፤ ከታይሞልና ከካርቫክሮል። ተክሉ የሚያመርታቸው ግን ለሻያችን ብሎ ሳይሆን ራሱን ከነፍሳትና ከረቂቅ ተሕዋስያን ለመጠበቅ ነው። ፍራፍሬ አብቃዮችም የቋመጡት ለዚሁ ጠባዩ ነው።

ፖምና ፒርን የሚፈጅ ፋየር ብላይት የሚባል በሽታ አለ። አምጪው ኤርዊኒያ አሚሎቮራ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ዛፉ ሲያብብ ንቦች ከአበባ ወደ አበባ ያዛምቱታል። አየሩ ሞቅ ካለ አበባው ላይ ይራባል፤ ዝናብ ወይም ጤዛ ሲመጣ ታጥቦ ወደ አበባው ወለላ ይወርድና በዚያ በኩል ዛፉ ውስጥ ይገባል። ቀንበጡ ይጠቁራል፣ ጫፉም ይቆለመማል።

አሜሪካ ውስጥ አብቃዮች የተማመኑት በስትሬፕቶማይሲን ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ የሚወጋው ያው መድኃኒት። እ.ኤ.አ. በ1971 ግን መድኃኒቱ የማይገድለው ባክቴሪያ በካሊፎርኒያ የፒር እርሻዎች ተገኘ። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአገሪቱ ኦርጋኒክ አብቃዮች ጭራሽ እንዳይጠቀሙበት ተከለከሉ።

ስትሬፕቶማይሲን የሚመታው ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን አንድ ቦታ ነው፤ ያ ቦታ በጥቂቱ ከተለወጠ መድኃኒቱ ከንቱ ነው። ታይሞል ሌላ መንገድ አለው። ቅቤ ስናነጥር የኮረሪማው መዓዛ ቅቤው ውስጥ የሚቀረው ቅባት ስለሚስማማው ነው። የባክቴሪያውም ሽፋን ቅባት ነውና ታይሞል ሰርጎ ይገባና ያላላዋል። ውስጥ ያለው ፖታሲየም ያፈተልካል፣ ኃይል ማመንጨቱም ይቋረጣል። መላ ሽፋንን መለወጥ ደግሞ ለባክቴሪያው ቀላል አይደለም።

ታዲያ ጦስኝ አፍልቶ መርጨት አይበቃም? አይበቃም። ዘይቱ ከውሃ ጋር በደንብ አይዋሃድም፣ ሲፈላም ብዙው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ለእርሻ የሚውለው ተጣርቶ የወጣ ዘይት ሲሆን ከውሃ የሚያዋህደው ነገር ይጨመርበታል። ያም ሆኖ ቶሎ ይተናል፤ መጠኑ ከበዛ ደግሞ አበባውን ያቃጥላል፣ የፍሬውን ልጣጭ ያሻክራል።

በእኔ ግምት ከመጠኑ በላይ የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ዘይቱ የሚገድለው የሚነካውን ባክቴሪያ ብቻ ስለሆነ፣ መረጨት ያለበት ጠላት ገና አበባው ላይ ሳለ ነው። እንጨቱ ውስጥ ለገባው መፍትሔው መጋዝ ነው፤ ከጠቆረው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ መቁረጥ፣ ቅርንጫፉንም ከእርሻው አውጥቶ ማቃጠል።