የጨዎች ዓይነትና የኢንዛይም ሥራ፦ የሸርጣን ነርቭ ሙከራ

ኢንዛይሞች የሚሠሩት ልዩ ልዩ ጨዎች በሟሙበት ፈሳሽ ውስጥ እንደ ሆነ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ ስለ ሙቀትና ስለ አሲድነት ብዙ ሲነገር የጨዎች ነገር ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ጨው በውሃ ሲሟሟ ወደ አዮኖች ስለሚለያይ፣ በኢንዛይሙ ላይ ለውጥ የሚያመጣው እያንዳንዱ አዮን ነው። የምራቅና የቆሽት አሚሌዝ፣ ለምሳሌ፣ ክሎራይድ ሲወገድለት ይደክማል፤ ጥቂት የገበታ ጨው ሲጨመርለት ይበረታል። የመዳብና የሜርኩሪ ጨዎች ግን በትንሹም ቢሆን ብዙ ኢንዛይሞችን ያሰናክላሉ።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሆነው በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ምርምር ነው። ሐኪሙ የንስ ስኩ የሸርጣን እግር ነርቮችን ፈጭቶ፣ በጭማቂው ውስጥ ኤ.ቲ.ፒ.ን የሚሰብረውን ኢንዛይም መረመረ፤ ውጤቱንም በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። የሥራው መጠን የታወቀው ተላቆ የሚወጣውን ፎስፌት በመለካት ነበር። ማግኒዚየም በሌለበት ኢንዛይሙ አልሠራም። በማግኒዚየም ላይ ሶዲየም ሲታከል ሥራው በመጠኑ ጨመረ፤ በሶዲየም ፈንታ ፖታሲየም ሲታከል ግን ለውጥ አልታየም። ሦስቱ በአንድነት ሲገኙ ሥራው እጅግ ከፍ አለ። የፖታሲየሙ መጠን ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ተመልሶ ቀነሰ።

እንግዲህ ፖታሲየምን ያለ ሶዲየም የፈተነ ሰው “ይህ ጨው ምንም አያደርግም” ብሎ በደመደመ ነበር። ምክንያቱ ኋላ ግልጽ ሆኗል። ኢንዛይሙ በሕዋስ ሽፋን ላይ የተተከለ ፓምፕ ሲሆን፣ በአንድ ኤ.ቲ.ፒ. ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ሶዲየም የሚይዘው በውስጥ በኩል፣ ፖታሲየም በውጭ በኩል ነው፤ ነርቩ ሲፈጭ ግን ሽፋኑ ስለሚሰባበር ሁለቱም ገጾች በአንድ ፈሳሽ ይነካሉ። ስኩ በዚህ ግኝት በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በአገራችን መረንዝ ከሚባለው ተክል ወገን የሚገኘውና ስሙን ከሶማልኛ የወሰደው የቀስት መርዝ ዋባይን፣ የሚያግደው በሶዲየምና በፖታሲየም የተነሣሣውን ሥራ ብቻ መሆኑ ኢንዛይሙን ለመለየት ረድቷል።

ኤ.ቲ.ፒ. ውድና ቶሎ የሚበላሽ ስለ ሆነ ሙከራውን በትምህርት ቤት መድገም ያስቸግራል። የቱቦዎቹን ውጤት በሠንጠረዥ ሰጥቶ ተማሪዎች ራሳቸው እንዲተረጉሙት ማድረግ ግን ይቻላል፤ ይህም ትርጉሙን አስቀድሞ ከመናገር የተሻለ ነው። በሌሎች ኢንዛይሞች ላይ ሙከራ የሚያዘጋጅ መምህር፣ የሶዲየምንና የፖታሲየምን ኃይል ሲያወዳድር ሁለቱንም በክሎራይድ መልክና በእኩል መጠን መውሰድ ይኖርበታል፤ አለዚያ ልዩነቱ ከየትኛው አዮን እንደ መጣ አይታወቅም። የቧንቧ ውሃም ካልሲየምና ክሎራይድ ስለሚኖርበት የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። ኤ.ቲ.ፒ. ራሱ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በሶዲየም ጨው መልክ በመሆኑ፣ “ሶዲየም የሌለበት” ተብሎ የተጻፈበት ቱቦ ሶዲየም ሊኖርበት ይችላል።