ጥርሱ ነው ወይስ ጉንፋኑ?

ያውቁ ኖሯል? የልጅ የመጀመሪያ ቋሚ ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚበቅለው አንድም የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ነው። ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ጀርባ ድዱን ሰንጥቆ ብቅ ይላል። «ይወልቃል» ተብሎ ሳይቦረሽ ቀርቶ የሚቦረቦረው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ጥርስ ነው።

ጥርስ መብቀል ጉንፋን አያመጣም። ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲያኝኩበት ያማል። በግማሽ በወጣው መንጋጋ ላይ የቀረው የድድ ክዳን ሥር ምግብ ገብቶ ሲቆጣም ሕመሙ ይብሳል፤ ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ያስታግሰዋል። ንፍጥ፣ ሳልና ማስነጠስ ግን የቫይረስ ሥራ ናቸው። ጉንፋን የሚያስይዙት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው።

ታዲያ ጥርሱና ጉንፋኑ ለምን አብረው ይመጣሉ? ጥርስ የሚቀየርበት ዕድሜና ትምህርት ቤት የሚገባበት ዕድሜ አንድ ስለሆነ ነው። ትንንሽ ልጆችን በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ሊይዛቸው ይችላል፤ አንድ መንጋጋ ወጥቶ እስኪያልቅ ደግሞ ወራት ይፈጃል። አለመገጣጠማቸው ነበር የሚገርመው። ደብረ ብርሃን ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ይወርዳል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ቤተሰቡ በሙሉ እሳት ዳር ይሰበሰባል። አንኮበርም በጉሙ ቀን እንዲሁ ነው። አንዱ ያስነጠሰውን ሁሉም ይተነፍሰዋል። የኩበቱ ጭስ ብቻውንም አፍንጫ ያስፈስሳል።

ነገሩ የሚገለበጥበትም ጊዜ አለ። አፍንጫው የታፈነ ልጅ ሌሊቱን በአፉ ሲተነፍስ ያድርና የፊት ድዱ ደርቆ ይቀላል። ጠዋት እናት ድዱን አይታ «ጥርሱ ነው ያሳመመው» ብትል አይፈረድባትም፤ ቀድሞ የመጣው ግን ጉንፋኑ ነው።

ጥርስን መክሰስ የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1839 በእንግሊዝና በዌልስ ከ5,000 በላይ ሕፃናት የሞቱት «በጥርስ ማውጣት» ነው ተብሎ ተመዝግቧል።

እኛ ዘንድ ክሱ ወደ ምላጭ ያደርሳል። የጥቂት ወር ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው፣ ክራንቻው የሚወጣበት ቦታ ነጣ ብሎ አበጥ ያለው ድድ «ግግ» ይባልና ይቧጠጣል ወይም ጥርሱ ሳይበቅል ተፈልፍሎ ይወጣል። እብጠቱ በሽታ አይደለም፤ ጤነኛው የወተት ክራንቻ ነው። መዘዙ መድማት፣ ቁስል ማመርቀዝና ቴታነስ ነው። ከሥሩ ገና በመሠራት ላይ ያለው ቋሚ ክራንቻም ይጎዳል፤ ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ መውጣት ሲገባው ተጣሞ ይወጣል ወይም ጭራሽ ሳይወጣ ይቀራል። ሕፃኑን የሚያድነው ግን ለተቅማጡ ኦ አር ኤስና ዚንክ፣ ለትኩሳቱም ጤና ጣቢያ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ታችኞቹ የፊት ጥርሶች ከወተቶቹ ጀርባ በሁለተኛ ረድፍ ቢወጡ አብዛኛውን ጊዜ አያስደነግጥም። የወተቱ ሲወልቅ ምላስ ወደ ፊት ትገፋቸዋለች።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ንፍጥና ሳል የሌለው የጉሮሮ ሕመም ነው። ልጁ ሲውጥ ካመመው፣ ካተኮሰውና ከመንጋጋው ሥር እጢ ካበጠ፣ «ጥርሱ ነው» ወይም «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ መተው አደገኛ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ሳይታከም የቀረ እንደሆነ የሩማቲክ ትኩሳት አስነስቶ የልብ በር ሊያበላሽ ይችላል። በብዛት የሚያጠቃውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን፣ ማለትም ልክ ጥርስ የሚቀይሩትን ልጆች ነው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ከሚያክማቸው ብዙዎቹ የዚህ በሽታ ተጠቂዎች ናቸው። በጊዜው ቢደረስበት ጉሮሮው በፔኒሲሊን ይድናል። በአፍ የሚወሰድ ከታዘዘለት ደግሞ ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲቦርቅ አይተው አያቋርጡ፤ የታዘዘለትን ቀን ሙሉ ይውሰድ።