ከእንጨት ሰሌዳ እስከ ውጭ አገር ገበያ

ማናቸውም ዕቃ በገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ በተሠራበት ጥሬ ዕቃ ብቻ የማይወሰን መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። አንድ ሉክ ወረቀት፣ ጥቂት ቀለምና አንድ የእንጨት ሰሌዳ ተደምረው የሚያወጡት ገንዘብ አነስተኛ ነው፤ ከእነዚሁ የሚገኘው የኅትመት ሥዕል ግን ባሕር ተሻግሮ በብዙ እጥፍ ሲሸጥ ይታያል። በመካከሉ ያለው ልዩነት የእጅ ጥበብ፣ የቁጥጥርና የታማኝነት ዋጋ ነው። ለዚህም ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት፣ በቶኪዮ ከተማ አነስተኛ የኅትመት ቤት አቋቁመው ሥዕሎቻቸውን ከእንጨት ሰሌዳ እያተሙ ለዓለም ገበያ ያቀረቡት ጃፓናዊው ሠዓሊ ሚስተር ሂሮሺ ዮሺዳ ናቸው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጥንቱ የሥራ ክፍፍል

በጃፓን አገር ሥዕልን በእንጨት ቀርጾ ማተም የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ ያለው ሙያ ነው። በጥንቱ ልማድ አንድ ሥዕል በአራት ሰዎች እጅ ያልፋል። ሠዓሊው ንድፉን ይሠራል፤ ቀራጩ ንድፉን በእንጨት ላይ ያወጣል፤ አታሚው ሰሌዳውን ቀለም እየቀባ በወረቀት ላይ ያትማል፤ አሳታሚው ነጋዴ ደግሞ ገንዘቡን አውጥቶ ሦስቱን ያሠራል፣ ሥዕሉንም ይሸጣል። ትርፉም ኪሳራውም የአሳታሚው ነው። ሰሌዳዎቹም በእርሱ እጅ ስለሚቀሩ፣ ስንት ቅጂ እንደሚታተምና መቼ እንደሚታተም የሚወስነው ሠዓሊው ሳይሆን ነጋዴው ነበር።

ሚስተር ዮሺዳ በ1876 ኩሩሜ በምትባለው የደቡብ ጃፓን ከተማ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው የታወቁት በውኃ ቀለምና በዘይት ቀለም ሥዕል ነበር። በ1899 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ሥዕሎቻቸውን ለሕዝብ አሳይተው ሸጠዋል። ወደ እንጨት ኅትመት የገቡት ግን ዘግይተው፣ በ1920 ሾዛቡሮ ዋታናቤ ከተባሉት የቶኪዮ አሳታሚ ጋር ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከአርባ ዓመት አልፎ ነበር። ጥቂት ሥዕሎች እንደ ታተሙ መስከረም 1 ቀን 1923 ቶኪዮን የመታው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና እርሱን ተከትሎ የተነሣው ቃጠሎ የአሳታሚውን ሱቅ አወደመው። የዮሺዳ ሰሌዳዎችም አብረው ተቃጠሉ።

ከጥፋቱ በኋላ ሚስተር ዮሺዳ የራሳቸውንና የባልንጀሮቻቸውን ሥራዎች ይዘው ለሽያጭ ወደ አሜሪካ ሄዱ። እዚያም ሁለት ነገር ተመለከቱ። አንደኛ፣ ገዢዎቹ ከዘይት ቀለሙ ሥዕል ይልቅ የእንጨቱን ኅትመት ይፈልጉ ነበር። ሁለተኛ፣ በጥራታቸው ዝቅ ያሉ የጥንት ሥዕሎች ቅጂዎች ሳይቀሩ በከፍተኛ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ገበያው ካለ፣ ከዚያ የተሻለ ሥራ ቢቀርብለት የበለጠ እንደሚቀበል ተረዱ። በ1925 ወደ ቶኪዮ ተመልሰው፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ሲቃረብ፣ የራሳቸውን የኅትመት ቤት ከፈቱ። ቀራጮችንና አታሚዎችን በደመወዝ ቀጥረው፣ ሠዓሊም አሳታሚም ሆነው መሥራት ጀመሩ። ቀድሞ ነጋዴው የሚሸከመውን ወጪና ሥጋት በራሳቸው ላይ ወሰዱ ማለት ነው።

ሥራው እንዴት ይከናወናል

በመጀመሪያ የሥዕሉ መስመር በስስ ወረቀት ላይ ተነድፎ፣ ወረቀቱ በግንባሩ ተደፍቶ በተላገ የቼሪ እንጨት ላይ ይለጠፋል። የቼሪ እንጨት የተመረጠበት ምክንያት ጠንካራና ደቃቅ በመሆኑ ቀጭን መስመር ሳይሰበር ስለሚይዝ ነው። ቀራጩ በቢላዋ የመስመሩን ግራና ቀኝ ይከፍታል፤ በመሮ ደግሞ መስመር የሌለበትን ቦታ ይቦረቡራል። መስመሩ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀራል። ቢላዋው አንድ ጊዜ ከሳተ የተቆረጠው መስመር አይመለስም፤ ስለዚህ ሙያውን ለመማር አንድ ወጣት በጌታው ሥር ብዙ ዓመታት ያሳልፍ ነበር።

ዋናው ሰሌዳ ከተቀረጸ በኋላ፣ ከእርሱ በሚታተሙት ቅጂዎች ላይ ለየቀለሙ የሚሆነው ቦታ ይመለከታል፤ ለእያንዳንዱም ቀለም የተለየ ገጽ ይቀረጻል። በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ኬንቶ የሚባሉ ሁለት ጥርሶች ይወጣሉ፤ ወረቀቱ ዘወትር በእነዚህ ጥርሶች ላይ ስለሚያርፍ እያንዳንዱ ቀለም በተመደበለት ቦታ ይቀመጣል።

ወረቀቱ ኮዞ ከሚባለው ቁጥቋጦ ልጥ በእጅ የተሠራና ረጅም ጭረት ያለው ነው። ቀለሙ እንዳይፈስበት በሙጫና በሸብ ውኃ ይቀባል፤ ከመታተሙም በፊት እርጥበት እንዲይዝ ይደረጋል። አታሚው ቀለሙን ከጥቂት የሩዝ ሙጫ ጋር በብሩሽ በሰሌዳው ላይ ያዳርሳል፤ ወረቀቱን ያሳርፋል፤ ከዚያም በቀርከሃ ቅርፊት በተሸፈነ ባረን በተባለ ክብ መዳመጫ ጀርባውን ያሻል። በዚህ ሥራ የማተሚያ መኪና አይገባበትም፤ ግፊቱ ሁሉ ከአታሚው ክንድና ትከሻ የሚመጣ ነው። የሰማዩ ቀለም ከላይ ጠቁሮ ወደ ታች እየሳሳ እንዲሄድ የሚደረገውም በሰሌዳው ላይ ያለውን ቀለም በብሩሽ በማሳሳት እንጂ በሌላ ዘዴ አይደለም።

የድካሙ ሒሳብ

በሚስተር ዮሺዳ የኅትመት ቤት አንድ ሥዕል በአማካይ ከ30 ጊዜ በላይ ይታተም ነበር። ይህም ሲባል አንዱ ሉክ ወረቀት ከ30 ጊዜ በላይ ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ይነሣ ነበር ማለት ነው። ነጋዴ በሚያውቀው ሒሳብ ቢታሰብ፣ 100 ቅጂ ለማውጣት 30 ጊዜ ማተም ቢያስፈልግ 3,000 ጊዜ ቀለም መቀባት፣ ወረቀት ማሳረፍና ማሸት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ከደረቀ ይኮማተራል፤ እርጥበቱ ከበዛ ይለጠጣል፤ በሁለቱም መንገድ ቀለሙ ከመስመሩ ይወጣል። በ29ኛው ጊዜ የተሳሳተ ሉክ ደግሞ የቀደሙትን 28 ጊዜያት ድካም ይዞ ይጣላል። እንግዲህ የአንዱ ሥዕል ዋጋ በሚሰላበት ጊዜ የተጣለውም ሉክ አብሮ መታሰብ እንዳለበት ግልጽ ነው።

ይህን ወጪ ለማቃለል ጥራትን መቀነስ ቀላሉ መንገድ ነበር። ሚስተር ዮሺዳ ግን ሌላ ዘዴ ፈለጉ። በ1926 ባወጡት የመርከቦች ተከታታይ ሥዕል፣ የአንዱን ትዕይንት ሰሌዳዎች ቀለማቸውን ብቻ እየለወጡ ጠዋትን፣ ከሰዓት በኋላን፣ ጉምን፣ ምሽትንና ሌሊትን ለየብቻቸው አሳዩ። አንድ ጊዜ ለቅርጽ የወጣው ገንዘብ የተለያዩ ሥዕሎችን አስገኘ፤ ገዢውም አንዱን ካገኘ በኋላ ሌላውን ለመጨመር ተመኘ። ከዚህም በላይ ለውጭ አገር ገበያ የሚስማማ ርእስ መረጡ፤ የአሜሪካን ተራሮች፣ የስዊስን ማተርሆርን፣ የግብፅን ስፊንክስ፣ በኋላም በ1930 እና በ1931 ከተጓዙባት ከሕንድ አገር ታጅ መሐልን አተሙ።

የታማኝነት ማኅተም

ለነጋዴ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን በሥዕሉ ኅዳግ ላይ ያለው ምልክት ነው። ሚስተር ዮሺዳ የእያንዳንዱን ሥራ ቅርጽና ኅትመት ራሳቸው ይቆጣጠሩ፣ አንዳንዱንም ሰሌዳ በገዛ እጃቸው ይቀርጹ ነበር። ሠዓሊ የሚያሠራቸውን የእጅ ባለሙያዎች ሥራ ከእነርሱ አብልጦ ማወቅ አለበት የሚል እምነት ነበራቸው። በእርሳቸው ቁጥጥር በታተመው ሥዕል ግራ ኅዳግ ላይ «ጂዙሪ» የሚል ማኅተም ይመታ ነበር፤ ትርጓሜውም «በራስ የታተመ» ማለት ነው። ለውጭ አገር ገዢ እንዲነበብም ከግርጌው ስማቸውን በእርሳስ በላቲን ፊደል ይጽፉ ነበር።

ሚስተር ዮሺዳ በ1950 ዐረፉ። ቤተ ሰባቸው ሙያውን ቀጠለ፤ ልጃቸው ቶሺ ዮሺዳም በራሳቸው ስም የታወቁ አታሚ ሆኑ። ከቀሩት የአባታቸው ሰሌዳዎችም ዳግመኛ ሥዕሎች ታትመዋል። እነዚህ ከዚያው እንጨት የወጡ እውነተኛ ኅትመቶች ናቸው፤ ነገር ግን የጂዙሪ ማኅተም የላቸውም፤ ስሙም በእርሳስ የተጻፈ ሳይሆን በማኅተም የተመታ ነው። ሥዕሉ አንድ፣ ሰሌዳው አንድ ሲሆን ገበያው ሁለቱን በተለያየ ዋጋ ይገዛል። የልዩነቱ ምክንያት የሠዓሊው ዓይን በአንዱ ላይ ማረፉ፣ በሌላው ላይ ግን አለማረፉ ነው። ሻጩ ይህን ልዩነት ለገዢው ሳይገልጽ ቢቀር፣ ያተረፈ ቢመስለውም ስሙን ያከስራል።

ለነጋዴዎች የሚጠቅሙ ማስተዋያዎች

የእንጨት ኅትመት የሚገዛ ወይም የሚሸጥ ነጋዴ በመጀመሪያ ሥዕሉ ከእንጨት የታተመ ወይም በፎቶግራፍ ዘዴ የተባዛ መሆኑን መለየት ይገባዋል። ወረቀቱን ገልብጦ ማየት ይጠቅማል፤ በእጅ በታተመው ጀርባ ላይ ቀለሙ ጠልቆ፣ የመዳመጫውም ክብ ፈለግ ታይቶ ይገኛል። በመኪና የተባዛው ግን በአጉሊ መነጽር ሲታይ ብዙውን ጊዜ በደቃቅ ነጠብጣብ የተሞላ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ማን እንዳተመውና መቼ እንደታተመ መጠየቅ ይገባል። በዘመናችን ብዙ አታሚዎች የቅጂውን ቁጥር ከግርጌ ይጽፋሉ፤ 12/50 ተብሎ ሲጻፍ በጠቅላላው ከ50 ቅጂ 12ኛው መሆኑን ያመለክታል። ከተባለው ቁጥር በላይ እንዳይታተም ሰሌዳውን የሚሰርዙም አሉ።

አያያዙም ጥንቃቄ ይሻል። የውኃ ቀለም በፀሐይ ብርሃን ይለቃል፤ ስለዚህ ሥዕሉን በሱቅ መስኮት ላይ ለብዙ ጊዜ መስቀል ሸቀጡን በገዛ እጅ ማበላሸት ይሆናል። በሚላክበትም ጊዜ በንጹሕ ካርቶን መካከል ተዘርግቶ ከእርጥበት መጠበቅ አለበት። ፕላስተር በቀጥታ ሊለጠፍበት አይገባም።

ይህ ሙያ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1963 እስከ 1966 በእንጨት ቅርጽ የታወቁት ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ አስተምረዋል፤ በዚያው ዘመን የተማሩት ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታም በመጀመሪያ ዘመን ሥራዎቻቸው መካከል የእንጨት ኅትመቶች አሏቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ክብደቱ ቀላል፣ ለማጓጓዝ የማያስቸግርና ከአንድ ቅርጽ ብዙ ቅጂ የሚገኝበት በመሆኑ ለውጭ ገበያ የሚመች ሸቀጥ ነው። ይሁን እንጂ የቶኪዮው የኅትመት ቤት ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ገዢ ከሩቅ አገር ሆኖ ሳያመነታ የሚከፍለው ከኅዳጉ ላይ ያለው ምልክት የሚናገረው ቃል እውነት መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው። ምልክቱን የሚያትመው ሠዓሊው ነው፤ እስከ ገዢው እጅ ድረስ ሳይጎድፍ የማድረስ ኃላፊነት ግን የነጋዴው ነው።