ሳትጠይቁ አላወጣውም

ጠጋ በሉ። ይሄን ጮክ ብዬ ባወራው ዲሽ ሠራተኞቹ ሁለተኛ ሱቄን አይረግጧትም።

ሉማሜ ላይ ቴሌቪዥን ሲጠፋ ጥፋተኛው አስቀድሞ ይታወቃል። ዝናብ ነው! ከጮቄ በኩል ደመና ከጠቆረ ሠራተኛው ተገላገለ። «እትዬ፣ ሳተላይቱ ነው» ይላል፤ እትዬም ቡና ታፈላለታለች። እውነቱን ልንገራችሁ? ደመና የወሰደው ሥዕል ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። ፀሐይ ወጥታም ካልመጣ ውኃ ገብቷል። የት? ዲሹ ፊት በተሰቀለው ኤልኤንቢ ሥር፣ ማንም ቀና ብሎ በማያየው የገመዱ ጫፍ፣ ኤፍ ኮኔክተር በሚባለው መሰኪያ ውስጥ።

ገመዱ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ለዚህ ነው የምንወዳችሁ። አርጂ-6 የሚለው ወፍራሙ ነው፤ 7 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ የዲሽ ገመድ እሱ ነው። አርጂ-59 ቀጠን ይላል፤ 6 ሚሊ ገደማ፤ ለደኅንነት ካሜራ የሚዘረጋው። ሁለቱም 75 ኦም፣ ሁለቱም በአንድ መልክ። የወፍራሙ ኮኔክተር ቀጭኑ ላይ ሰተት ብሎ ይገባል። ሰተት ብሎም ይወጣል! ታዲያ ምን ይደረጋል? ገመዱን በፕላስተር መጠቅለል ነዋ። እናንተ እንደሆነ ጣሪያ ላይ አትወጡ።

ሠራተኛው ኮኔክተሩን የሚጨብጥበትን ፒንሳስ አይታችኋል? ኮኔክተር በራሱ መጭመቂያ ዙሪያውን እኩል መያዝ አለበት። ተራው ፒንሳ በሁለት ጎን ይጨፈልቀዋል፤ በቀረው ክፍተት ክረምቱ ዘው ይላል። ግን መጭመቂያው ገንዘብ ያስወጣል፤ ፒንሳ ደግሞ ከየትም አይጠፋም።

አሁን የምወደው ምስጢር። «ግማሹ ቻናል አለ፣ ግማሹ የለም» እያላችሁ ትመጣላችሁ አይደል? ሪሲቨሩ በዚያው ገመድ ወደ ላይ ኃይል ይልካል፦ ለቨርቲካል ቻናሎች 13 ቮልት፣ ለሆሪዞንታሎቹ 18። ገመዱ ረዥም፣ የመሃሉ ሽቦ መዳብ የተቀባ ብረት፣ ጫፉም የላላ ከሆነ 18ቱ መንገድ ላይ ይመነምናል። ሆሪዞንታሎቹ ደህና ሰንብቱ። ሠራተኛው ግን «ቻናሎቹ ሳተላይት ቀይረዋል» ይላችኋል። እናንተም ታምናላችሁ፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ እውነት ነበር። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ ከነበሩበት ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሄዱ አገር ሙሉ ዲሽ ዞሯል። ለሠራተኞቻችን ያ ወቅት ሠርግና ምላሽ ነበር። ሰበቡንም እስከ ዛሬ እየበሉበት ነው።

ሱቅ ስትመጡ ማግኔት ያዙ። የመሃሉ ሽቦ ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው። ጣሪያችሁ ላይ ላለ ዲሽ ይበቃል፤ አልሰደበውም። ግቢ አቋርጦ ለሚሄድ ግን ሙሉ መዳብ በሉ። ከኋላ መደርደሪያው ላይ አለኝ። ሳትጠይቁ ግን አላወጣውም።