ከደምበል ዳር የሚቀመመው ቀይ ወይን

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ የአሁኗ ባቱ ከተማ የሚደርስ መንገደኛ የሚያየው የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ፣ የአበባ እርሻ የፕላስቲክ ጣሪያና የግራር ዛፍ ነው። በዚሁ አሸዋማ አፈር ላይ በሽቦ ተደግፎ በመደዳ የቆመ የወይን ተክል መኖሩ ግን እስካሁን ብዙዎችን ያስገርማል።

እርሻው የተጀመረው ኢትዮጵያ ሦስተኛውን ሺህ ዓመት በተቀበለችበት ወቅት አካባቢ ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ የመጠጥ ኩባንያ ችግኞቹን ከቦርዶ አስመጥቶ ወደ 120 ሔክታር በሚጠጋ መሬት ላይ ተከለ። ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡም ዙሪያውን ቦይ አስቆፈረ። የመጀመሪያው ምርት ለገበያ የቀረበው በ2006 ዓ.ም. ሲሆን መጠኑም 1 ነጥብ 2 ሚሊዮን ጠርሙስ ያህል ነበር። በመካከሉ ያለፉትን ዓመታት ልብ ይሏል። ወይን እንደ ሽንኩርት በጥቂት ወራት ገንዘብ የሚመልስ ሰብል አይደለም።

ከዚህ እርሻ ሁለት ስሞች ይወጣሉ። "ሪፍት ቫሊ" የተባለው በአብዛኛው በአንድ የወይን ዝርያ ስም የሚሸጥ ነው። "አካሺያ" ደግሞ ቅይጥ ሲሆን፣ ከጠጅ ጋር ላደገው ጠጪ የሚስማማ ጣፋጭነት ያለውም ከዚሁ ወገን ይገኛል።

በእርሻው የሚለሙት ቀይ ዝርያዎች ሦስት ናቸው፤ ሜርሎ፣ ሲራህና ካበርኔ ሶቪኞ። ሜርሎ ቀድሞ የሚደርስ፣ ለምላስ የለዘበ ነው። ካበርኔ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ልጣጩ ወፍራም በመሆኑ አፍን የሚያኮማትር ጥንካሬ ይሰጣል። ሲራህ ጠቆር ያለ ቀለምና ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ቃና ያመጣል። በአንዳንድ ደጋማ አካባቢዎች ገበሬው ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ የሚዘራው አንዱ ቢከዳው ሌላው እንዲያወጣው ነው። የወይን ቅይጥም ሐሳቡ ከዚህ አይርቅም። ልዩነቱ ቅልቅሉ ማሳ ላይ አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ዝርያ በደረሰበት ጊዜ ለብቻው ይለቀማል፣ ለብቻው በጋን ይብላላል፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያው እየቀመሰ መጠኑን ይወስናል። ቀለሙ የሚመጣው ከልጣጩ ስለሆነ ቀይ ወይን ከነልጣጩ ነው የሚብላላው።

አካባቢው ለወይን የተመቸው በአጋጣሚ አይደለም። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 600 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ፣ አፈሩም ውኃ የማይቋጥር ነው። በአውሮፓ ተክሉ በክረምት ቅዝቃዜ ይተኛል። እዚህ ግን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለ የምርቱን ጊዜ የሚወስነው መቀስ ነው፤ ተክሉ በተገረዘበት ቀን ተቆጥሮ ያፈራል። በዓመት ሁለት ጊዜ ማምረትም ይቻላል። ሆኖም ፍሬው ዝናብ ላይ ከደረሰ የፈንገስ በሽታ ያጠቃዋል፤ ስኳሩም ይቀንሳል።

ወይን ለመትከል የሚያስብ የአካባቢው አርሶ አደር ከችግኙ በፊት ገዢውን ቢያስብ ይሻለዋል። ለመጭመቂያ የተለቀመ ፍሬ በፀሐይ ላይ ውሎ ማደር አይችልም፤ እንደ ሽንኩርት ዋጋ እስኪሻሻል በመጋዘን አይጠብቅም። ውል ሳይኖር የሚተከል የወይን ማሳ ለደላላ የሚቀርብ ሲሳይ ነው።

ለወረዳ ባለሙያዎች ግን ከሁሉ የሚከብደው የውኃው ጉዳይ ነው። የደምበል ሐይቅ የመቂንና የቀታርን ወንዞች ይቀበላል፤ ትርፉን በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይልካል። ወይኑም፣ አበባውም፣ የአነስተኛ ገበሬው የሞተር ፓምፕም ለመስኖ የሚተማመኑት በዚሁ ተፋሰስ ውኃ ነው። የባቱ ነዋሪም ከሐይቁ ይጠጣል። በጠብታ መስኖ የሚጠጣ ወይን በቦይ ከሚለቀቅለት ቲማቲም ያነሰ ውኃ ይበቃዋል፤ ይህ ለወይኑ የሚቆጠርለት ነገር ነው። ነገር ግን ላይ የተቀዳው ሁሉ ታች ይጎድላል። የአብያታ ዳርቻ ባለፉት አሠርት ዓመታት እየሸሸ፣ ውኃ የነበረበት ቦታ ነጭ ጨዋማ ሜዳ ሆኖ ይታያል። በቡልቡላ ዳር ከብት የሚያጠጣው አርብቶ አደርም የወንዙን መጠን የሚለካው ከብቶቹ ወደ ውኃው ለመድረስ በሚሄዱት ርቀት ነው።