«ብዙ እኮ አልተነዳችም»

ሰርቪስ ያሳለፉ ደንበኞች ለምን እንደዘገዩ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጡኝ መልስ ይህ ነው። የሚበዙት የቆየች ራቭ ፎር ወይም ቪታራ ያላቸው ባለትዳሮች ናቸው። መኪናዋ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ማታ ትመልሳለች፣ ቅዳሜና እሑድ ለቅሶ ወይም ሠርግ ቤት በር ላይ ትቆማለች። ኪሎ ሜትሩ ሲደመር ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ሰርቪሱ ለከርሞ ይባላል። እኔ ግን ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና ስትመጣ ከቆጣሪው በፊት የምጠይቀው ቀኑን ነው። ያገለገለች ሆና ስትገባ ቆጣሪው እውነቱን ይናገር እንደነበር ማን ያውቃል? ፈሳሽና ላስቲክ ደግሞ መኪናዋ ቆማም ያረጃሉ።

በዚህ በኩል በጣም የሚናቀው የራዲያተር ውሃ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቀድሞዋ ራቭ ፎር ቴርሞስታት የሚከፈተው 82 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በመካከሉ ያለው አሥር ዲግሪ ብቻ ሲሆን ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊቱን አፍኖ በመያዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ እንዳይፈላ ያደርገዋል። የክዳኑ ላስቲክ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፤ ዳገት ላይ ትፈላለች፤ ባለቤቱም የቧንቧ ውሃ ሞልቶ ጉዞውን ይቀጥላል። የቧንቧ ውሃ በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ዓይነት ቅርፊት በቀጫጭን ቱቦዎቹ ውስጥ ይተዋል፤ ዝገት የሚከላከለውንም ኩላንት ያቀጥነዋል። መጨረሻው የአሉሚኒየሙ ቴስታታ መጣመም፣ የጓርኒሲዮኑ መቃጠል ነው። ያን ለማሠራት የሚወጣው ገንዘብ ስንት ክዳንና ስንት ኩላንት ይገዛ ነበር!

የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ነው። ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ባሕርይ ስላለው መኪናዋ ተነዳችም አልተነዳች በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከተማ ውስጥ ይህ አይታወቅም። የሚታወቀው ቤተሰቡ ለበዓል ወደ ጎጃም ሲሄድ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሲወርድ ነው። ሸራው ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሸራው አዲስ ነበር ማለት እዚያ ቦታ ላይ አያድንም። ዘይቱ አዲስ ቢሆንም እንኳ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ።

የታይሚንግ ቺንጋም ላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣችው የመጀመሪያዋ ራቭ ፎር ቺንጋ አላት፤ ከ2000 በኋላ የመጣችው ባለቤንዚን ግን በሰንሰለት ትሠራለች። የእናንተ የትኛዋ እንደሆነች እወቁ። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩት። ጎማ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞችም አንብቡ፤ 2318 ማለት በ2018 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ጎኑ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ሞተሯ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ እርጥበትና ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ 5,000 ኪሎ ሜትር ባይሞላም በስድስት ወሩ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ስለዚህ ከሊብሬው ጋር የምትቀመጥ ትንሽ ደብተር ይኑራችሁ፤ ምን እንደተቀየረ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደነበር ጻፉባት። ገንዘብ ሲያጥር ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ የሚያቆማት፣ ማለትም የፍሬን ዘይት፣ ሸራና ጎማ፤ ቀጥሎ ሞተሯን የሚያተርፈው ኩላንት፣ ክዳን፣ ዘይትና ቺንጋ። ቀለምና የወንበር ልብስ ይቆዩ፤ በእነሱ ምክንያት መንገድ ላይ የቀረ ቤተሰብ የለም።